የፕሮቲን ፎስፎራይሌሽን

የፕሮቲን ፎስፎራይሌሽን ማለት ኪናዝ የሚባሉ ኢንዛይሞች ከኤቲፒ ላይ ፎስፌት ወስደው በፕሮቲን ላይ የሚያጣብቁበት ኬሚካዊ ለውጥ ነው። በሰው ህዋስ ውስጥ ፎስፌቱ በአብዛኛው የሚያርፈው ሴሪን፣ ትሪዮኒን ወይም ታይሮሲን በተባሉት አሚኖ አሲዶች ላይ ነው። ፎስፌት ኔጌቲቭ ቻርጅ ስላለው የፕሮቲኑን ቅርጽ ይለውጣል፤ ፕሮቲኑም ሥራ ይጀምራል ወይም ያቆማል። ፎስፋቴዝ የተባሉት ኢንዛይሞች ደግሞ ፎስፌቱን መልሰው ያነሱታል።

ኤድመንድ ፊሸርና ኤድዊን ክሬብስ ይህን አሠራር እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ በጡንቻ ላይ ደርሰውበት በ1992 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ሰው ሲደነግጥ አድሬናሊን የጉበትን ህዋስ ከውጭ ይነካል እንጂ ወደ ውስጥ አይገባም። ውስጥ ግን ሳይክሊክ ኤኤምፒ ይበዛና ፕሮቲን ኪናዝ ኤን ያነቃል፤ እሱ ሌላ ኪናዝን፣ ያም ግላይኮጅን የሚሰብረውን ኢንዛይም። በየደረጃው አንዱ ብዙዎችን ስለሚያነቃ ጥቂት ሆርሞን ብዙ ግሉኮስ ያስለቅቃል።

ቡናና ፎስፎራይሌሽን

በጅማ ዞን እንደምትገኘው የቡ ባሉ የቡና ከተሞች አቦሉ እንደተጠጣ የሚመጣው ንቃት ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ነቅተን በቆየን መጠን በአንጎል ውስጥ አዴኖሲን (የኤቲፒ አንዱ ክፍል የሆነው ራሱ) ይከማችና ተቀባዮቹን ይዞ እንቅልፍ ያመጣል። ካፌይን የአዴኖሲንን ቦታ ይይዛል፤ ተቀባዩን ግን አያነቃም። በአይጦች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት ካፌይን ዳርፕ-32 የተባለውን የአንጎል ፕሮቲን ፎስፎራይሌሽን እንደሚለውጥ፣ ፕሮቲኑ የሌላቸው አይጦችም በካፌይን እምብዛም እንደማይነቃቁ አሳየ። ካፌይን ሳይክሊክ ኤኤምፒን የሚያፈርሰውን ኢንዛይም በመግታት ያነቃል የሚለው የቆየ ማብራሪያ ዛሬም ይጻፋል፤ ለዚያ የሚያስፈልገው መጠን ግን በስኒ ቡና ከሚገኘው እጅግ ይበልጣል።

ከደም ውስጥ ግማሹ ካፌይን ለመውጣት በአማካይ 5 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ስለዚህ ከምሽቱ 1 ሰዓት የተጠጣው ግማሹ እኩለ ሌሊት ላይም አለ። በነፍሰ ጡር ሴት ደግሞ ከዚህም በላይ ይቆያል። ቶናና በረካ በዚያው አተላ ላይ ውኃ እየተጨመረ ስለሚፈሉ ከአቦል ይቀጥናሉ።

ሲበላሽ

ሥር በሰደደ የማይሎይድ የደም ካንሰር ሁለት ክሮሞሶሞች ቁራጭ ይለዋወጡና የማይጠፋ ታይሮሲን ኪናዝ ይፈጠራል፤ ነጭ የደም ህዋሳትም ያለማቋረጥ ይባዛሉ። ኢማቲኒብ የተባለው እንክብል ኤቲፒ የሚገባበትን ቦታ ይዘጋል። መድኃኒቱ በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታልም ለሕሙማን ይሰጣል፤ በየቀኑ ሳይቋረጥ መወሰድ አለበት። በአንዳንድ ሕሙማን ኪናዙ እንደገና ተለውጦ ኢማቲኒብን አላስገባ ይላል፤ ያኔ ሌላ የኪናዝ መድኃኒት ይተካለታል።