መርዝ ረጪው ሠራተኛና የኢንሹራንሱ ሒሳብ በመፋዛና በአካባቢዋ

በምሥራቅ ሱዳን በገዳሪፍ ግዛት የምትገኘው መፋዛ፣ ከኢትዮጵያ ደጋ ወርዶ በሚያልፈው በራሃድ ወንዝ አካባቢ በተዘረጋው ጥቁር መሬት ላይ ማሽላና ሰሊጥ በብዛት ከሚመረትባቸው አገሮች አንዷ ናት። በገዳሪፍ በትራክተር ማረስ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ዓመታት ሲሆን፤ እርሻው እየሰፋ በሄደ መጠን ጠላቱም አብሮ በዝቷል። ግሪሳ ወፍ እሸቱን ይወርደዋል። አገሬው በዐረብኛ «አንዳት» የሚለው የማሽላ ትኋን በበጋው ወራት በዛፍና በዓለት ስንጥቅ ተከማችቶ ከርሞ ዝናቡ ሲጥል ወደ እርሻው ይመለሳል። እ.ኤ.አ. ከ2019 እስከ 2021 ደግሞ የበረሃ አንበጣ የምሥራቅ አፍሪካን አገሮች እንዴት እንዳስጨነቀ ማንም አይዘነጋውም።

የአንበጣውንና የግሪሳውን ዘመቻ በአውሮፕላን የሚያካሂዱት መንግሥታትና እ.ኤ.አ. በ1962 የተቋቋመው የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅት ናቸው፤ ኢትዮጵያም ሱዳንም የድርጅቱ አባሎች ናቸው። በየእርሻው፣ በየጎተራውና በየመጋዘኑ የሚደረገው ርጭት ግን በአብዛኛው የባለ እርሻዎችና በውል የሚሠሩ ድርጅቶች ሥራ ነው። ከእነዚህ ድርጅቶች ባለቤቶች ዘወትር የምንሰማው አቤቱታ የኢንሹራንስ ዋጋ ከበደን የሚል ነው። አቤቱታው ከንቱ ባይሆንም፤ ዋጋው እንዴት እንደሚወጣ ያልተረዳ ሰው የሚያቀርበው መሆኑ ያሳዝናል።

የሠራተኛ ጉዳት ካሣ ኢንሹራንስ አረቦን የሚታሰበው በዓመቱ ከሚከፈለው ጠቅላላ ደመወዝ በመቶ ይህን ያህል ተብሎ ነው። መቶኛውም እንደ ሥራው አደገኛነትና ድርጅቱ ባለፉት ዓመታት እንዳስመዘገበው የጉዳት ብዛት ከፍም ዝቅም ይላል። ስለዚህ ባለቤቱ ዋጋውን ለመቀነስ በእጁ ያለው መንገድ ሁለት ነው። አንዱ ጉዳቱን መቀነስ ነው። ሁለተኛውና ብዙዎች የሚመርጡት ግን የሠራተኛውን ቁጥር አሳንሶ ማስመዝገብ ነው፤ ይኸውም መኪና ነጂውንና መርጫ ያዡን ጽፎ፣ ውኃ ቀድቶ መርዙን የሚበጠብጠውን፣ በርሜሉን የሚያንከባልለውንና ባዶ ጀሪካን የሚሰበስበውን የቀን ሠራተኛ ከመዝገብ ውጭ መተው ነው። ከሁሉ ይልቅ የሚመረዘው ግን ይኸው ያልተጻፈው ሰው ነው። ረጪው የሚይዘው በውኃ የቀጠነውን ሲሆን፤ በጥባጩ የሚነካው ያልቀጠነውን መርዝ ነውና። ጉዳት በደረሰ ጊዜ የኢንሹራንሱ ሠራተኛ መጥቶ አስቀድሞ የሚጠይቀው የደመወዙን መዝገብ ነው፤ ስሙ ካልተገኘ ካሣ የለም።

ለአንባቢ እንዲገለጥ አንድ ምሳሌ እናስላ። ወር በወር 3,000 ብር የሚከፈላቸው 10 ሠራተኞች ያሉት ድርጅት በዓመት 360,000 ብር ይከፍላል። አረቦኑ ከመቶ 2 ቢሆን 7,200 ብር ይሆናል። በኢትዮጵያ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 እንደሚያዝዘው፣ የኢንሹራንስም ሆነ የጡረታ ሽፋን የሌለው ሠራተኛ በሥራ ላይ በደረሰበት ጉዳት ለዘለቄታው ፈጽሞ መሥራት ካልቻለ አሠሪው የ5 ዓመት ደመወዙን ይከፍለዋል። በምሳሌያችን ይህ ለአንድ ሰው 180,000 ብር፣ ማለት የ25 ዓመት አረቦን ነው።

ስለ ሥልጠናው ስንናገር ብዙ ሰዎች ጓንትና ቦት ጫማ ማደል ይመስላቸዋል። ነገሩ ከዚያ ይሰፋል። እ.ኤ.አ. በ1976 በፓኪስታን በወባ መከላከያ ዘመቻ ማላታዮን ይረጩ ከነበሩት 7,500 ሠራተኞች መካከል 2,800 ያህሉ ተመርዘው 5 ሞቱ። ማላታዮን ከመሰሎቹ ይልቅ ለሰው የሚራራ መድኃኒት ተብሎ የሚታወቅ ነበር። ሲመረመር፣ ከመድኃኒቱ አንዳንዱ ወደ ባሰ መርዝ የተለወጠ ክፍል በዝቶበት ተገኘ፤ ሠራተኞቹም በእጃቸው ይበጠብጡ፣ የረጠበ ልብሳቸውን ሳይለውጡ ይውሉ ነበር። የተበላሸው መድኃኒት ከሥራ ወጥቶ ሠራተኞቹ አያያዙን በተማሩ ጊዜ መቅሠፍቱ ቆመ። በገዳሪፍ ሙቀት በቆርቆሮ ቤት ተከማችቶ የሚከርመውን በርሜል ላየ ሰው ይህ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም።

ይህ ዓይነቱ መርዝ በአፍ ብቻ ሳይሆን በቆዳም ይገባል። የብሽሽት አካባቢ ቆዳ ከክንድ ቆዳ ከአሥር እጥፍ በላይ ስለሚያሳልፍ፣ የጀርባ መርጫው እያንጠባጠበ ወገቡንና ሱሪውን የሚያርሰው ሠራተኛ እጁን ብቻ ቢሸፍን አልዳነም። ምልክቱ የዓይን ብሌን መጥበብ፣ ላብ፣ ምራቅ መብዛት፣ ትውከትና የጡንቻ መንቀጥቀጥ ነው፤ ሰውየው ወባ ያዘኝ ብሎ ሊተኛ ይችላል። እንዲህ ያለውን ሰው ልብሱን አውልቆ፣ በብዙ ውኃና በሳሙና አጥቦ፣ የመድኃኒቱን ዕቃ ከነጽሑፉ አስይዞ ወደ ሐኪም ማድረስ ነው። ፊደል ለማያውቅ ሠራተኛም በዕቃው ግርጌ ያለው የቀለም መቀነት ትርጉም ይነገረው፤ ቀዩ እጅግ አደገኛ፣ ቢጫው ቀጥሎ፣ ከዚያም ሰማያዊውና አረንጓዴው ናቸው። ደራርቦ መልበስ በሙቀቱ አይቻልም የሚሉትም እውነት አላቸው፤ ስለዚህ ርጭቱ በማለዳ ይሁን። የሥራ ልብሱንም ሚስቱ ከሕፃን ጨርቅ ጋር አታጥበው፤ ይህን የሚነግራት ሰው የለም።

በዝግታ የሚገባው መርዝ ደግሞ ለኢንሹራንስ አስቸጋሪ ነው። አደጋ ቀንና ሰዓት አለው፤ የስድስት ወር መመረዝ ግን የለውም። የኢትዮጵያ ሕግ በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታን እንደ ጉዳት ቢቀበልም ማስረጃ ያስፈልጋል። የሚበጀው ከርጭቱ ወራት በፊት የሠራተኛውን ደም አስመርምሮ፣ መርዙ የሚያዳክመውን ኮሊኔስተሬዝ የተባለውን ንጥረ ነገር መጠን መመዝገብ፣ በመካከልም እንደገና መመርመር ነው። መጠኑ በእጅጉ ከወረደ ሰውየው ከመርዝ ይርቃል፤ ወረቀቱም በኋላ ክርክር ቢነሣ ለሠራተኛውም ለአሠሪውም ምስክር ነው።

የመፋዛን ጉዳይ ልዩ የሚያደርገው ድንበሩ ነው። ለአረምና ለአጨዳ በመተማና በገላባት በኩል ተሻግረው በገዳሪፍ እርሻዎች ሲሠሩ የኖሩት ኢትዮጵያውያን ብዙ ናቸው። እ.ኤ.አ. የ1997 የሱዳን የሥራ ሕግ የእርሻ መኪና የሚያንቀሳቅሱትንና የሚጠግኑትን ሲያቅፍ፣ ሌላውን የእርሻ ሠራተኛና ጊዜያዊውን ከሽፋኑ ውጭ አድርጓል። በአንድ እርሻ በአንድ ቀን ትራክተሩን የያዘው ሕግ ሲኖረው፣ ባልዲውን የያዘው የለውም ማለት ነው። በሱዳን የጋራ መረዳጃ መሠረት ያለው እስላማዊ ኢንሹራንስ ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኖረ ስለሆነ የሚገዛ ውል አልጠፋም፤ የሚገዛለት ሰው ነው የጠፋው። እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2023 ጦርነት ወዲህ ደግሞ ቤቱን ጥሎ ወደ ገዳሪፍ የገባው ሕዝብ በርክቷል፤ ሥራ ፈላጊ ሲበዛ ስሜን ጻፉልኝ የሚል ያንሳል።

ከኢትዮጵያ ወገን ተሻግሮ ርጭት የሚዋዋል ድርጅት ካለ፣ ውሉን ከመፈረሙ በፊት የኢንሹራንሱ ወረቀት የሚጸናው በየትኛው አገር እንደሆነ ያንብብ፤ በኢትዮጵያ ብቻ ይጸናል የሚል ከሆነ ተጨማሪ ከፍሎ ያስፋው። የጎረቤት ከብት፣ ንብ ወይም ሰሊጥ በነፋስ በተወሰደ መርዝ ቢጎዳ የሚከፍለው ውል የሠራተኛው ካሣ ውል አለመሆኑንም ይወቅ፤ ያ ለብቻው የሚገዛ ነው። የበጥባጮቹና የውኃ ቀጂዎቹ ስም ዝርዝር ደግሞ ዝናቡ ከመጣሉ በፊት ለኢንሹራንሱ መሥሪያ ቤት ይድረስ፤ በመካከል የተቀጠረም በዚያው ዕለት ይጨመርበት።