በወርቅ መፈለጊያ ማሽን ጥንታዊ ዕቃ መፈለግ ይፈቀዳል? ከመሬት የወጣስ የማን ነው?

በጅማ ከተማ ጊንጆ ጉዱሩም ሆነ በዙሪያው ባሉ የቡና ቀበሌዎች የቡና ጉድጓድ ሲቆፈር ወይም የቤት መሠረት ሲወጣ ያረጀ ሳንቲም ወይም የሸክላ ስባሪ ሊገኝ ይችላል። ውጭ አገር የሚኖሩ ዘመዶች ደግሞ ለዕረፍት ባሕር ዳርቻ ሲሄዱ ዘንግ መሰል መሣሪያ ይዘው አሸዋውን የሚያስሱ ሰዎችን ያያሉ። ይህን ያየ ሰው «መሣሪያውን ወደ አገር ቤት ብልከውስ?» ብሎ ከማሰቡ በፊት ሕጉን ማወቅ ይኖርበታል።

መሣሪያው በተለምዶ የወርቅ መፈለጊያ ማሽን ወይም ዲቴክተር ይባላል። ከሥሩ ያለው የሽቦ ጥቅልል መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥራል፤ ብረታ ብረት ሲያጋጥመው መስኩ ስለሚለወጥ ድምፅ ያሰማል። ሆኖም የተቀበረው ወርቅ ይሁን የዛገ ሚስማር ተቆፍሮ ሳይታይ በእርግጠኝነት አይታወቅም።

በውጭ አገር ያለው ሕግ አንድ ዓይነት አይደለም። በእንግሊዝ በዘውዱ ርስት ሥር በሚተዳደሩ ብዙ ዳርቻዎች ላይ መመሪያውን አክብሮ መፈለግ ይቻላል። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የውድ ሀብት ሕግ በሚገልጸው መሠረት ውድ ሀብት ሊሆን የሚችል ዕቃ ያገኘ ሰው በ14 ቀናት ውስጥ ማሳወቅ አለበት። በግሪክ ግን ያለ ፈቃድ በዚህ መሣሪያ ጥንታዊ ዕቃ መፈለግ የተከለከለ ነው። ስለዚህ በአንዱ ዳርቻ መዝናኛ የሆነው ተግባር በሌላው ወንጀል ሊሆን ይችላል።

በአገራችን ጉዳዩን የሚገዛው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ነው። በአዋጁ መሠረት ማንኛውም ሰው ከሚመለከተው ባለሥልጣን ፈቃድ ሳያገኝ ቅርስ ለማግኘት ፍለጋና ቁፋሮ ማካሄድ አይችልም። ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትም ክልክል ነው። ወርቅና ሌላ ማዕድን መፈለግን በተመለከተም የማዕድን ሥራ አዋጅ ቁጥር 678/2002 ፈቃድ ይጠይቃል፤ ለባህላዊ አምራቾች ፈቃድ የሚሰጠው ክልሉ ነው። አርሶ አደሩ በመሬቱ የመጠቀም መብት ቢኖረውም ይህ መብት ቅርስ ወይም ማዕድን ለመቆፈር ፈቃድ ተደርጎ አይወሰድም።

ሳይፈልጉ በአጋጣሚ ማግኘት ግን ወንጀል አይደለም። አዋጁ ያገኘውን ሰው የሚያዝዘው ወዲያውኑ እንዲያሳውቅና ባለሥልጣኑ እስኪረከበው ድረስ ዕቃውን ባለበት ሁኔታ እንዲጠብቅ ነው። ባለሥልጣኑ በ6 ወራት ውስጥ ተገቢውን እርምጃ ካልወሰደ፣ ያገኘው ሰው ሁኔታውን በዝርዝር ለክልሉ መንግሥት ኃላፊ በጽሑፍ አሳውቆ ከኃላፊነት ነፃ ሊሆን ይችላል። ላስረከበው ቅርስ ተገቢ ሽልማት እንዲሰጠው፣ ያወጣው ወጪም እንዲተካለት አዋጁ ይደነግጋል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን አስፈለገ? ከድሬዳዋ አቅራቢያ የምትገኘው ሐርላ ጥሩ ማስረጃ ናት። የአካባቢው አርሶ አደሮች በማሳቸው የሸክላ ስባሪና የቻይና ሳንቲም ያገኙ ነበር፤ የሕንፃዎቹን ድንጋዮች ግዝፈት አይተውም በዚያ ግዙፋን ይኖሩ ነበር ይሉ ነበር። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ ባደረጉት ቁፋሮ የ12ኛው ክፍለ ዘመን መስጊድ፣ የ13ኛው ክፍለ ዘመን የግብፅ ሳንቲሞች፣ እንዲሁም ከየመን፣ ከማልዲቭስና ከቻይና የመጡ ዕቃዎች ተገኝተዋል። በዚህም ሐርላ ከሩቅ አገሮች ጋር ትነግድ የነበረች ከተማ መሆኗ ታወቀ። ሳንቲሞቹ ተለቅመው በገበያ ቢሸጡ ኖሮ የየትኛው ዘመንና የየትኛው ቤት እንደነበሩ የሚነግር አይኖርም ነበር። የቅርስ ምስክርነት በዕቃው ብቻ ሳይሆን በተገኘበት አፈርና በአጠገቡ ባለው ነገር ጭምር ነውና።

ጅማም የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚገኝባት፣ ጥንታዊ የንግድ መስመሮች ያለፉባት ምድር ናት። በዚህ ምድር ሲቆፍር ያረጀ ነገር ያጋጠመው ሰው ቁፋሮውን ማቆም፣ ዕቃውን አለማጠብና አለመፋቅ፣ ከተቻለ ባለበት ፎቶግራፍ ማንሳት፣ ቦታውንም ምልክት ማድረግ ይገባዋል። ከዚያም ለቀበሌው አስተዳደርና ለወረዳው ወይም ለከተማው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ያሳውቅ፤ ሲያስረክብም ደረሰኝ ይቀበል። «ማሽን አለኝ፣ ቆፍረን እንካፈል» የሚል ሰው ቢመጣ ግን አስቀድሞ ፈቃዱን እንዲያሳይ መጠየቅ ተገቢ ነው። የሌለው እንደሆነ በሕግ ፊት ተጠያቂ የሚሆነው ማሽኑን ያመጣው ብቻ ሳይሆን አብሮት የቆፈረውም ጭምር ነው።