የነርቭ ግፊት፦ ሕመሙ ሳይሰማን እጃችንን የሚያነሣው

እንጀራ የምትጋግር ሴት ጣቷ የጋለ ምጣድ ሲነካ እጇ ወዲያው ይሸሻል። ሕመሙ በደንብ የሚሰማት ግን እጇ ከተነሣ በኋላ ነው። «አቃጠለኝ» ሳትል፣ ሳትወስን፣ ክንዷ ሥራውን ጨርሷል። ይህን ያደረገው የነርቭ ግፊት ነው፤ በነርቭ ክር ላይ የሚጓዝና በአንድ ነጥብ ላይ ከሴኮንድ አንድ ሺኛ ብዙም የማይበልጥ ጊዜ የሚቆይ የኤሌክትሪክ ለውጥ። ማየትም፣ መራመድም፣ ማስታወስም ያለ እርሱ አይሆንም።

ጥናቱ የተጀመረው በእንቁራሪት እግር ነው። ጣሊያናዊው ሉዊጂ ጋልቫኒ የሞተች እንቁራሪት ነርቭ በኤሌክትሪክ ሲነካ የእግሯ ጡንቻ እንደሚኮማተር ተመልክቶ እ.ኤ.አ. በ1791 አሳተመ። ከዚያም በኋላ ቢሆን የግፊቱ ፍጥነት ፈጽሞ አይለካም ብለው የሚያምኑ ታላላቅ ሊቃውንት ነበሩ። ጀርመናዊው ሄርማን ሄልምሆልትዝ ግን በ1850 የእንቁራሪትን ነርቭ አንድ ጊዜ ከጡንቻው ራቅ፣ ሌላ ጊዜ ቀረብ ብሎ እየቀሰቀሰ የጊዜውን ልዩነት ለካ። ያገኘው ፍጥነት በሴኮንድ 30 ሜትር ገደማ ነው። በመዳብ ሽቦ ከሚያልፍ ኤሌክትሪክ ጋር ሲተያይ ይህ እጅግ አዝጋሚ ነው፤ ነርቭ ሽቦ አለመሆኑን የገለጠውም ይኸው አዝጋሚነት ነው።

ታዲያ ምንድን ነው? መልሱን የሰጡት እንግሊዛውያኑ አለን ሆጅኪንና አንድሩ ሀክስሊ ናቸው። ስኩዊድ የሚባለው የባሕር እንስሳ እስከ 1 ሚሊ ሜትር የሚወፍር የነርቭ ክር ስላለው፣ በ1939 ቀጭን መለኪያ ውስጡ አስገብተው ግፊቱን ከውስጥ መዘገቡ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሥራቸውን ቀጥለው በ1952 ሙሉ ማብራሪያቸውን አወጡ፤ በ1963ም ከአውስትራሊያዊው ጆን ኤክልስ ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ።

ያረፈ ነርቭ ውስጡ ከውጭው በ70 ሚሊቮልት ያህል አሉታዊ ነው። ሶዲየም በብዛት ከውጭ፣ ፖታሲየም በብዛት ከውስጥ ይገኛል። ነርቩ በበቂ መጠን ሲቀሰቀስ በሽፋኑ ላይ ያሉት የሶዲየም በሮች ይከፈታሉ፤ ሶዲየም ይገባል፣ ውስጡም ለቅጽበት አዎንታዊ ይሆናል። ወዲያው ፖታሲየም ይወጣና ሁኔታው ወደ ነበረበት ይመለሳል። የአንዱ ነጥብ ለውጥ ቀጣዩን ይቀሰቅሳል፤ በደረቅ ሣር ላይ እንደተለኮሰ እሳት ኃይሉን ከደረሰበት ቦታ ስለሚያገኝ ርቀት አያዳክመውም፤ ያለፈበት ቦታም ለጊዜው ስለማይቀሰቀስ ወደ ኋላ አይመለስም።

ከዚህ አንድ አስደናቂ ነገር ይከተላል። በአንድ የነርቭ ክር ላይ ለስላሳ ንክኪም ሆነ ብርቱ ምት የሚያስነሣው ግፊት መጠኑ አንድ ነው፤ ወይ ሙሉ በሙሉ ይነሣል፣ ወይ አይነሣም። ምቱ ሲበረታ የሚጨምረው የግፊቶቹ ብዛት ነው። ይህን በመለካት ያሳየው እንግሊዛዊው ኤድጋር ኤድሪያን ነው። ፍጥነቱ ግን እንደ ክሩ ይለያያል። ማይሊን በሚባል ስብ የተጠቀለሉ ወፍራም ክሮች በሴኮንድ እስከ 120 ሜትር ያስኬዱታል፤ ያልተጠቀለሉት ቀጫጭኖች 1 ሜትር ገደማ። እግራችን ድንጋይ ሲመታ መጀመሪያ ምቱ፣ ቆየት ብሎ የሚያንገበግበው ሕመም የሚሰማን ለዚህ ነው።

ወደ ምጣዱ ስንመጣ፣ ከጣት የተነሣው ግፊት ህብለ ሰረሰር እንደ ደረሰ የአንጎልን ፈቃድ ሳይጠብቅ ክንድን ወደሚያጥፉት ጡንቻዎች ይሻገራል። በዚያው ቅጽበት ክንድን የሚዘረጉት ጡንቻዎች ይገታሉ፤ ባይገቱ ኖሮ ሁለቱ ተጓትተው እጅ በቦታው በቀረ ነበር። እንግሊዛዊው ቻርልስ ሸሪንግተን ከኤድሪያን ጋር በ1932 ኖቤል ሲሸለም ንግግሩን ያደረገው ስለዚሁ መግታት ነው። ኤክልስም በኋላ የሚገታው ነርቭ ሌላውን ነርቭ ይበልጥ አሉታዊ በማድረግ እንዳይቀሰቀስ እንደሚያደርገው አሳየ። መግታት እንግዲህ የግፊት መጥፋት ሳይሆን ራሱን የቻለ ሥራ ነው። የፈላ ድስት የያዘ ሰው መዳፉ እየተቃጠለም ሕፃን ከእግሩ ሥር ካለ አይጥለውም፤ አንጎሉ የህብለ ሰረሰሩን ትእዛዝ ይሽርበታል። ትዕግሥት የምንለው ትልቅ ነገር በሰውነታችን ውስጥ ቦታ እንዳለው ይህ ምስክር ነው።

የዚህን ግፊት ዋጋ የሚያሳውቀው መጥፋቱ ነው። የጥርስ ሐኪም የማደንዘዣ መርፌ የሶዲየም በሮችን ለጥቂት ጊዜ ይዘጋል፤ ያ በረከት ነው። የሥጋ ደዌ ተሕዋስ ግን ነርቩን ራሱን ይጎዳል። ብዙ ሰው በሽታው ጣት የሚበላ ይመስለዋል፤ ጣትን የሚያሳጥረው በአብዛኛው ሳይሰማ የሚደጋገመው ቃጠሎ፣ ቁስልና ምርቀዛ ነው። የታመመው ሰው እጅ ከምጣዱ የማይሸሸው የሚያሸሸው ግፊት ስለማይነሣ ነው። በዚህ በሽታ ምክንያት ሰዎችን ማግለል ግፍም ስህተትም ነው። በሽታው ከ6 እስከ 12 ወር በሚወሰዱ መድኃኒቶች ይድናል፤ መድኃኒቶቹም በነጻ ይሰጣሉ። የሞተ ነርቭን መመለስ ግን አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ ቆዳው ላይ የደነዘዘና የነጣ ወይም የቀላ ምልክት ያየ ሰው፣ ስላላመመው ችላ ሳይል ቶሎ ጤና ጣቢያ ይሂድ።