የባቄላ እሸትና የተያዘ ፍሬን

በጥቅምት ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር ስትወጡ ግራና ቀኙ ገብስና ባቄላ ነው። ልጆች እሸቱን ከነአገዳው ነቅለው፣ በእቅፋቸው ይዘው መኪና ያስቆማሉ። ወዳጆቼ፣ ከእንግዲህ ያንን እሸት ስትፈለፍሉ አንድ ነገር አስቡልኝ፦ እጃችሁ ላይ ባለው አረንጓዴ ቅርፊትና ፍሬ ውስጥ ሌቮዶፓ የሚባል ንጥረ ነገር አለ። እጅን በሚያንቀጠቅጠውና እንቅስቃሴን በሚያስረው የፓርኪንሰን ሕመም የተያዙ ሰዎች በዓለም ዙሪያ በየቀኑ የሚውጡት ክኒን ዋናው መድኃኒት ይኸው ነው። ተመሳሳዩን ማለቴ አይደለም፤ ራሱን ነው።

ከባቄላ አጣርቶ ያወጣው ማርከስ ጉገንሃይም የተባለ የባዝል ኬሚስት ነው፤ በ1913 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሰውዬው ደፋር ነበርና ሁለት ግራም ተኩል ያህሉን ራሱ ዋጠው። ክፉኛ አስታወከው። ይህችን ማስታወክ ያዙልኝ፣ ኋላ ትጠቅመናለች። ንጥረ ነገሩ ግን ምን እንደሚሠራ የሚያውቅ ስላልነበረ ለአሥርት ዓመታት ተረስቶ ቆየ።

ከዚያ በ1957 ስዊድናዊው አርቪድ ካርልሰን ሬዘርፒን በተባለ መድኃኒት የጥንቸሎችን አንጎል ዶፓሚን (የአንጎል ሴሎች መልእክት የሚያስተላልፉበትን ንጥረ ነገር) አሟጠጠ። ጥንቸሎቹ ጆሯቸውን ጥለው ደርቀው ቀሩ። ወደ ዶፓሚን የሚቀየረውን ሌቮዶፓ ሲወጋቸው በደቂቃዎች ውስጥ ተነስተው ይዘሉ ጀመር። ካርልሰን በዚህ ሥራው በ2000 ኖቤል ተሸለመ። በ1960 ደግሞ ቪየና ውስጥ ኦሌህ ሆርኒኪዬቪች በፓርኪንሰን ታመው የሞቱ ሰዎችን አንጎል መርምሮ ዶፓሚኑ ክፉኛ ተመናምኖ አገኘው።

ታዲያ ዶፓሚን ሲጠፋ የአንጎል ሴሎች ምን ይሆናሉ? ብዙ ሰው «ይደክማሉ፣ ዝም ይላሉ» ይላል። እኔን የሚገርመኝ ግን ብዙዎቹ ከወትሮው የባሰ መጮኻቸው ነው።

ከመጀመሪያው ልጀምር። መሀል አንጎል ላይ በዓይን የሚለይ ጠቆር ያለ ስፍራ አለ፤ ሐኪሞች ሰብስታንሺያ ናይግራ ይሉታል። እዚያ ያሉት ዶፓሚን አምራች ሴሎች ከ86 ቢሊዮን የአንጎል ነርቭ ሴሎች መካከል ግማሽ ሚሊዮን እንኳ አይሞሉም። ጥቂት ቢሆኑም እያንዳንዱ ቅርንጫፉን ዘርግቶ ከሚሊዮን በላይ መገናኛ እንደሚይዝ ይገመታል። ማንም ሳያዛቸው ቀንም ሌሊትም በሴኮንድ ጥቂት ጊዜ የኤሌክትሪክ ምልክት እየተኮሱ ዶፓሚን ያንጠባጥባሉ። ይህን ሁሉ ለመሸከም የሚያወጡት ጉልበት ከባድ ነው፤ ከሌሎች ቀድመው የሚሞቱበት አንዱ ምክንያት ይኸው ሳይሆን አይቀርም። ክፋቱ ደግሞ ሕመሙ እጅ ላይ እስኪታይ ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ አልቀው መገኘታቸው ነው።

ዶፓሚኑ የሚፈስበት ስትራያተም የተባለ ክፍል ሁለት ዓይነት ሴሎች አሉት። አንደኛው ወገን እንቅስቃሴን ያስለቅቃል፣ ሁለተኛው ይከለክላል። ዶፓሚን የመጀመሪያውን ያነቃቃል፣ ሁለተኛውን ደግሞ ዝም ያሰኛል። አንድ ንጥረ ነገር ሁለት ተቃራኒ ሥራ የሚሠራው በሴሎቹ ላይ ያለው ተቀባይ ስለሚለያይ ነው። ዶፓሚን ሲጠፋ እንግዲህ አስለቃቂው ይዳከማል፣ ከልካዩም ሃይ ባይ ያጣል።

ከእነዚህ በታች እንቅስቃሴን አፍነው የሚይዙ ሴሎች አሉ። ጤነኛ ሰው ላይ እንኳ በሴኮንድ ከ60 እስከ 80 ጊዜ ይተኩሳሉ፤ እጃችሁን ልታነሱ ስትሉ ለቅጽበት ዝም ይሉና እጅ ይነሳል። በፓርኪንሰን ሰብታላሚክ ኒውክሊየስ የተባለች ትንሽ የሴሎች ስብስብ ጫና ታበዛባቸውና አፈናው አይላላም። ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር የሚወጣ አይሱዙ የእጅ ፍሬኑ ሳይለቀቅ ቢቀር ሞተሩ ደህና ነው፣ ነዳጁም ሙሉ ነው፤ የሚያቅተው ስለተያዘ ነው። ሕመምተኛውም ጡንቻው አልሰለለም፣ መሄድም አልረሳም።

ማስረጃው ያምራል። በ1990 በርግማን፣ ዊክማንና ዲሎንግ የተባሉ ተመራማሪዎች ዶፓሚን አምራች ሴሎቻቸው በመርዝ የሞቱባቸው ጦጣዎች ላይ ያችን ትንሽ የሴሎች ስብስብ አጠፏት። ጦጣዎቹ መንቀሳቀስ ጀመሩ። አንዲት ጠብታ ዶፓሚን ሳይጨመር!

ፍሬን ብቻውን ግን ሁሉንም አይፈታም። ጤነኛ አንጎል ውስጥ እነዚህ ሴሎች እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ጊዜ ይተኩሳሉ። ዶፓሚን ሲጎድል በአንድነት፣ በሴኮንድ ከ13 እስከ 30 ጊዜ በሚመላለስ ምት ይያያዛሉ። ሁሉም አንድ ነገር በአንድ ጊዜ ሲል አዲስ ትእዛዝ የሚያልፍበት ክፍተት ይጠፋል። ሌቮዶፓ ሲወሰድ ይህ ምት ይቀንሳል፤ አንጎል ውስጥ በሚተከል ሽቦ ኤሌክትሪክ መስጠትም እንዲሁ። የእጅ መንቀጥቀጡ ግን ሌላ ጣጣ ነው፤ በሴኮንድ ከ4 እስከ 6 ጊዜ የሚመላለስ የራሱ ምት አለው፣ ከዶፓሚኑ መጠን ጋርም ልክ ለልክ አይሄድም።

«እንግዲያውስ ባቄላ እንብላ» የምትሉኝን አውቃለሁ። እስራኤል ውስጥ በ1992 የወጣ ጥናት ጥቂት ሕሙማን ባቄላ በልተው በደማቸው ያለው ሌቮዶፓ ከፍ ማለቱን፣ እንቅስቃሴያቸውም መሻሻሉን አሳይቷል። ችግሩ ልኩ ነው። እሸቱ ላይ ብዙ ነው፤ ደርቆ ሽሮና ስልጆ የሚሆነው ላይ ግን ትንሽ። ክኒኑ ውስጥ ደግሞ ሌቮዶፓው አንጎል ሳይደርስ በመንገድ ወደ ዶፓሚን እንዳይቀየር የሚከላከል ካርቢዶፓ ተጨምሮበታል፤ ባቄላ ይህ የለውም። ዶፓሚን ራሱ ከደም ወደ አንጎል አይሻገርም። ሌቮዶፓ የሚሻገረው ከፕሮቲን የሚመጡ አሚኖ አሲዶች በሚገቡበት በር ነው፤ ስለዚህ ክኒኑን ከወፍራም ሽሮ ጋር የዋጠ ሰው በሩ ላይ ግፊያ ይገጥመዋል። ከምግብ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ መውሰድ የሚመከረው ለዚህ ነው።

በአገራችን ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት በ1985 በ70 የፓርኪንሰን ሕሙማን ላይ ያደረጉትን ጥናት አሳትመዋል። የነርቭ ስፔሻሊስቶችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው በ2006 ነው። ራሳቸው ሕመሙ ያለባቸው ክብራ ከበደም የሕሙማን መረዳጃ ድርጅት መሥርተዋል። ያም ሆኖ በየቤቱ «እርጅና ነው» ተብሎ የሚታለፈው ብዙ ነው። ወደ ሸንኮራ ዮሐንስ ወይም ወደ ጻድቃኔ ማርያም ጸበል የሚሄድ ሕመምተኛ ዘመድ ካላችሁ ክኒኑን ይዞ ይሂድ፣ መዋጡንም አያቋርጥ። ሌቮዶፓ በድንገት ሲቆረጥ ሰውነት እንደ እንጨት ሊደርቅ፣ ትኩሳቱም ለሕይወት እስኪያሰጋ ሊንር ይችላል።

አሁን የጉገንሃይምን ማስታወክ አምጡልኝ። ያስታወከው ሌቮዶፓው ሰውነቱ ውስጥ ዶፓሚን ስለሆነበት ነው፤ ዶፓሚን የማስታወክ ማዕከልን ይቀሰቅሳል። ለማስታወክ በየክሊኒኩ የሚታዘዘው ሜቶክሎፕራማይድ የሚሠራውም የዶፓሚንን ተቀባይ በመዝጋት ነው። ለአእምሮ ሕመም የሚሰጠው ሃሎፔሪዶልም ተቀባዩን ይዘጋል። ስለዚህ እነዚህን የሚወስድ ሰው ፊቱ ሊደርቅ፣ እጁ ሊንቀጠቀጥ፣ እርምጃው ሊያጥር ይችላል፤ ለተመልካች ቁርጥ ፓርኪንሰን ነው። እንዲህ ያለ ነገር ካያችሁ ሐኪሙን ጠይቁ። መድኃኒቱ በሐኪም ትእዛዝ ሲለወጥ ብዙዎቹ በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ይመለሳሉ፤ ሴሎቹ አልሞቱማ።