ማንጋና ማንህዋ፤ በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት የሥዕል ታሪኮች

በሾላ ገበያ በሰልቫጅ ልብስ ተራ በኩል ያለፈ ተማሪ ሁሉ፣ በካናቴራዎቹ ላይ የታተሙትን ጠጉረ ሹልና ዐይነ ትልልቅ ልጆች ሳያይ አይቀርም። ሻጩን «ይህ ምንድን ነው?» ብለን ብንጠይቀው «አኒሜ ነዋ!» ይለናል። እዚያው አጠገብ የታክሲ ወረፋ ይዞ በስልኩ የሚያነበውን ጓደኛችንን ብንጠይቀውም መልሱ ያው ነው። የጃፓኑም የኮርያውም፣ በፊልም የሚንቀሳቀሰውም በወረቀት ላይ የቆመውም ሁሉ «አኒሜ» ነው። ይህ አጠራር ብዙ ነገር በአንድ ከረጢት ስለሚከት፣ በዚህ ጽሑፍ ከረጢቱን ፈትተን በውስጡ ያለውን ለመለየት እንሞክራለን። ይህንንም የምናደርገው ለዕውቀት ያህል ብቻ አይደለም። በመካከላችን በአማርኛ የሥዕል ታሪክ ለመሥራት የሚያስቡ ተማሪዎች አሉና፣ ከሁለቱ መንገዶች የትኛው እንደሚያዋጣቸው ብንወያይበት መልካም ነው ብለን ስላሰብን ነው።

አኒሜ ጃፓኖች የሚንቀሳቀሰውን የሥዕል ፊልም የሚጠሩበት ቃል ነው። በወረቀት ላይ ያለውን ማንጋ ይሉታል። ኮርያውያን ማንህዋ፣ ቻይናውያን ደግሞ ማንኋ ይላሉ። ሦስቱም ከአንድ ምንጭ፣ ይኸውም ከሁለት የቻይና ፊደላት የተገኙ ሲሆኑ፣ ፍቻቸውም «እንደ ልብ የተሣለ ሥዕል» እንደ ማለት ነው። ጃፓናዊው ሠዓሊ ሆኩሳይ በዚህ ስም የጠራቸውን የሥዕል ደብተሮች ማሳተም የጀመረው በ1814 ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እኛ «ኮሚክ» የሚለውን ቃል ለሚያስቅ ሰው አሳልፈን ስለሰጠነው፣ እዚህ «የሥዕል ታሪክ» ማለትን መርጠናል።

ከጃፓን እንጀምር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከተሞቹ ተቃጥለው፣ ሕዝቡ ተርቦ፣ መዝናኛ ሁሉ ውድ በሆነበት ጊዜ፣ ለልጅ ኪስ የሚሆነው ርካሽ የሥዕል ታሪክ ነበር። ኦሳሙ ቴዙካ የተባለ የሕክምና ተማሪ «አዲሱ የሀብት ደሴት» የተባለውን መጽሐፍ ሥሎ በ1947 ሲወጣለት ገና የ18 ዓመት ወጣት ነበር። ቴዙካ ሥዕሉን እንደ ሲኒማ ከቅርብና ከሩቅ፣ ከላይና ከታች እያሳየ ስለሠራው፣ ከእርሱ በኋላ የመጡት ሁሉ ያንኑ ፈለግ ተከተሉ። ቀጥሎም ሳምንታዊ መጽሔቶች መጡ። እነዚህም በርካሽ ወረቀት በጥቁር ቀለም የሚታተሙና እንደ ስልክ ማውጫ የወፈሩ ናቸው። ባቡር ላይ ይነበባሉ፣ ከዚያም ይጣላሉ። የተወደደው ታሪክ ብቻ ተሰብስቦ በትንንሽ ጥራዝ ይታተማል። በ1968 የተመሠረተው «ሾነን ጃምፕ» የተባለው መጽሔት በ1990ዎቹ አጋማሽ በአንድ ሳምንት ብቻ ከ6 ሚሊዮን ቅጂ በላይ እስከ መታተም ደርሶ ነበር። አንባቢው የወደደውን ታሪክ በካርድ እየጻፈ ይልካል፤ ድምፅ ያጣው ታሪክ ይቋረጣል። ስለዚህ ሠዓሊው ከረዳቶቹ ጋር በየሳምንቱ ሃያ ገጽ ያህል ማድረስ ይኖርበታል። በዚህ ፍጥነት ቀለም መቀባት አይታሰብም። የማንጋ ጥቁርና ነጭ መሆን እንግዲህ ከውበት ምርጫ ይልቅ ከወረቀቱ ርካሽነትና ከሥራው ጥድፊያ የመጣ ነው።

የኮርያው ታሪክ ከዚህ ይልቅ የተጎዳ ነው። ዪ ዶ ዮንግ የተባለው ሠዓሊ «ዴሃን ሚንቦ» በተባለው ጋዜጣ ላይ የመጀመሪያዎቹን የስላቅ ሥዕሎች ያወጣው በ1909 ነበር። በዓመቱ ሀገሪቱ በጃፓን ተወሰደች፤ ነፃ የወጣችውም በ1945 ነው። ከዚያም በ1950 ጦርነት ተነሣ። የእኛ የቃኘው ሻለቃ በ1951 ቡሳን ወደብ ሲደርስ፣ ኪም ሱንግ ህዋን የተባለ ወጣት ሠዓሊ «ሽማግሌው ጎባው» የተባለውን ገጸ ባሕርይ ፈጥሮ ነበር። በራሱ ላይ አንዲት ጠጉር ብቻ የቆመችለት ይህ ሽማግሌ፣ ኋላ በዕለታዊ ጋዜጣ በአራት በአራት ሣጥን እየወጣ እስከ 2000 ድረስ የመንግሥትን ጉድ ሲያሳይ ኖረ። በ1958 አንድ ቀን የወጣችው ሥዕል እንዲህ ትላለች፦ አንድ የመጸዳጃ ጉድጓድ ጠራጊ በመንገድ ሲያልፍ ሌሎች ጠራጊዎች እጅ ይነሡታል። ለምን ቢባል፣ ሰውዬው የሚጠርገው የፕሬዚዳንቱን ቤተ መንግሥት ጉድጓድ ነዋ! ሠዓሊው በዚህ ተይዞ ተቀጣ። አራት ሣጥን እንዲህ ያለ ኀይል አለው።

ከ1961ዱ መፈንቅለ መንግሥት በኋላ የሥዕል ታሪክ ሳይመረመር መታተም አልቻለም፤ አብዛኛውም ለልጆች ብቻ እንዲሆን ተደረገ። ሰው መጽሐፉን ከመግዛት ይልቅ ማንህዋባንግ በተባሉ ቤቶች ጥቂት ሳንቲም ከፍሎ እዚያው ተቀምጦ ያነብ ነበር፤ በሀገራችን ቪዲዮ ቤቶች እንደነበሩት ያለ ነገር ነው። በሌላ በኩል የጃፓን የባሕል ሥራዎች በሕግ ተከልክለው ሳለ የጃፓን ማንጋ ስሙ እየተለወጠ በድብቅ ይቀዳ ነበር። ክልከላው ደረጃ በደረጃ መላላት የጀመረው በ1998 ነው። በ1997 የገንዘብ ቀውስ መጣ፤ በዚያው ዓመት ወጣቶችን ለመጠበቅ በሚል አዲስ ሕግ ወጣ፤ ዪ ህዮን ሴ የተባለው ታዋቂ ሠዓሊም በሥራው ተከሶ ለዓመታት ፍርድ ቤት ተመላለሰ። በመጨረሻ ነፃ ቢወጣም፣ በወረቀት የሚታተመው ማንህዋ ግን በዚያ ዘመን ክፉኛ ተዳከመ።

አዲሱ ነገር የበቀለው ከዚህ ፍርስራሽ ላይ ነው። በ2003ና በ2004 ዳውምና ኔቨር የተባሉት የኮርያ የኢንተርኔት ድርጅቶች የሥዕል ታሪክ በነፃ ማቅረብ ጀመሩ። በኮምፒውተር ገጽ መግለጥ የለም፤ ስለዚህ ሥዕሉ ከላይ ወደ ታች እንደ ጥቅልል ብራና ተዘረጋ። ይህ ዌብቱን የተባለው ነው። በሙሉ ቀለም ይሠራል፤ ኋላም በስልክ ስፋት ልክ ሆነ። ገንዘቡም የሚገኘው በማስታወቂያ፣ ደግሞም በሰው ጥድፊያ ነው፤ ታግሦ የጠበቀ በነፃ ያነባል፣ የቸኮለ ይከፍላል። በ2010 የጀመረው «የአምላክ ግንብ»፣ የቢሮ ሠራተኛን ጭንቅ የሚተርከው የ2012ቱ «ሚሴንግ»፣ እንዲሁም በ2018 በሥዕል የወጣው «ሶሎ ሌቭሊንግ» ሁሉ በዚህ መንገድ የመጡ ናቸው። የመጨረሻውን በ2024 ወደ ፊልም የለወጠው የጃፓን ኩባንያ ነው። ቀድሞ ኮርያ ከጃፓን በድብቅ ትቀዳ እንደነበር ላስታወሰ ሰው፣ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

እንግዲህ በታክሲ ወረፋ ላይ ያለው ጓደኛችን የትኛውን እንደሚያነብ ለማወቅ አውራ ጣቱን መመልከት ይበቃል። ጣቱ ወደ ጎን ከሄደ ማንጋ ነው፤ ወደ ላይ እየገፋ ሥዕሉን ካወረደ የኮርያ ዌብቱን ነው። ማንጋ ከቀኝ ወደ ግራ ይነበባል። የኮርያው እንደ ግእዝ ፊደላችን ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል።

ልዩነቱን በራሳችን ታሪክ ብንሞክረው ይበልጥ ይገባናል። የንግሥተ ሳባን ታሪክ በሣጥን በሣጥን ከፍሎ በሸራ ላይ የሚያሳየውን ሥዕል የማያውቅ የለም። እንደ በላቸው ይመር ያሉ የአዲስ አበባ ሠዓሊዎች ካለፈው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጀምሮ ለእንግዶች ሲሸጡት የኖረ ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ 44 ሣጥን አለው። ዘንዶው ከሚገደልበት ጀምሮ ምኒልክ ታቦቱን ይዞ እስኪገባ ድረስ በአማርኛ መግለጫ እየታገዘ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች ይነበባል። ይህን የሥዕል ታሪክ አይደለም የሚለን ካለ ምክንያቱን ያቅርብልን።

ከዚህ ውስጥ የውሃውን ታሪክ እንውሰድ። ሰሎሞን ቅመምና ጨው የበዛበት ምግብ አብልቷት፣ ከቤቱ ምንም በግድ እንዳትወስድ አስምሏት፣ ውሃውን በአጠገቧ አኑሮ ተኝቷል። ማክዳ በሌሊት ተጠምታ ትነሣለች፤ ሰሎሞንም እጇን ይይዛል። የሸራው ሠዓሊ ይህን በአንድ ወይም በሁለት ሣጥን ይጨርሰዋል፤ ተመልካቹ ታሪኩን አስቀድሞ ስለሚያውቅ ማስታወስ ብቻ ይበቃዋል። የማንጋ ሠዓሊ ግን ስድስት ገጽ ይፈጅበታል። መጀመሪያ የደረቀ ከንፈር፣ ቀጥሎ ማሰሮው፣ ቀጥሎ ጨረቃዋ በመስኮት፣ ቀጥሎ እግሯ መሬት ሲነካ፤ ንግግር የለም። እጇ ማሰሮው ጋ ሲደርስ ገጹ ያልቃል። አንባቢው ገጹን ሲገልጥ የሰሎሞን እጅ ሁለት ገጽ ሞልቶ ይጠብቀዋል። የማንጋ ድንጋጤ በገጽ መገለጥ ላይ የተሠራ ነውና። የኮርያው ሠዓሊ ደግሞ የሚገለጥ ገጽ ስለሌለው ጨለማን ይጠቀማል። ከከንፈሯ በታች ረዥም ጥቁር ባዶ ቦታ ይተዋል፤ አንባቢው ጣቱን እየገፋ በዚያ ጨለማ ውስጥ ይወርዳል፤ የባዶው ርዝመት የሌሊቱ ርዝመት ነው። ከዚያ ማሰሮው፣ ከዚያ እንደገና ጨለማ፣ ከዚያ እጁ። በአንዱ ጊዜን የሚለካው የሣጥኑ ብዛት ነው፤ በሌላው በሣጥኖቹ መካከል ያለው ባዶ ቦታ ነው።

ስለ ዐይንም አንድ ነገር ጣል እናድርግ። ትልልቅ ዐይን የማንጋ ፈጠራ ይመስለናል፤ ቴዙካ ግን የዋልት ዲዝኒን ፊልሞች ወዳድ ነበርና ብዙውን የወሰደው ከዚያ ነው። የእኛ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ትልቅ ዐይን መሣል የጀመረው ዲዝኒ ከመወለዱ ከብዙ ዘመን በፊት ሲሆን ሕግም አበጅቶለታል። ጻድቁን ፊት ለፊት በሁለት ዐይን፣ ክፉውን በጎን በአንድ ዐይን ይሥለዋል። በዐድዋ ሥዕሎች ላይ ጣሊያኖቹ በጎን የሚታዩት በዚህ ምክንያት ነው። ወዳጅና ጠላት ያለ አንዲት ቃል ይለያል ማለት ነው።

አሁን ወደ ቋንቋ እንምጣ፤ ለእኛ ለአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች ዋናው እዚህ ላይ ነውና። አብዛኞቻችን ሁለቱንም የምናነበው በእንግሊዝኛ ነው። እንግሊዝኛው ግን በሁለት ቦታ ይደኸያል። አንደኛው ድምፅ ነው። ጃፓንኛና ኮርይኛ ድምፅንና ሁኔታን በሚያስመስሉ ቃላት የተሞሉ ናቸው። ልብ ሲመታ ጃፓኑ «ዶኪ ዶኪ»፣ ኮርያዊው «ዱግን ዱግን» ይላል፤ ጃፓኖች ለዝምታ እንኳ «ሺーን» የምትመስል፣ ሳብ ተደርጋ «ሺን» የምትባል ቃል አለቻቸውና በባዶ ክፍል ሥዕል ላይ ይጽፏታል። እንግሊዝኛ ተርጓሚ እዚህ ሲደርስ ግራ ይገባዋል። አማርኛ ግን «አለ» በሚለው ግሥ እየተደገፈ ይህን ሁሉ ያለ ችግር ይላል፦ ልቡ ድው ድው አለ፣ መብራቱ ድርግም አለ፣ ልጁ ዘጭ አለ፣ ፊቱ ክው አለ። ለዝምታስ «ጭር» የምትል ቃል አለችን አይደል?

ሁለተኛው አክብሮት ነው። በኮርያ ታሪክ ውስጥ ሴት ልጅ ታላቅ ወንድሟን ወይም የምትወደውን ሰው «ኦፓ»፣ ወንድ ልጅ ታላቅ እኅቱን «ኑና» ይላል። አንድ ሰው ከአክብሮት ንግግር ወደ ቅርበት ንግግር የተሻገረ ጊዜ ታሪኩ ይለወጣል። እንግሊዝኛ ለሁሉም አንድ ቃል ብቻ ስላለው ይህን ይውጠዋል። ለእኛ ግን ከ«እርስዎ» ወደ «አንተ» መሻገር ምን እንደሆነ፣ «ጋሼ» ሲባል የኖረ ሰው በስሙ ብቻ ሲጠራ ምን እንደሚሰማ ማስረዳት አያስፈልግም። በፊደል አቀማመጥ በኩል ግን ኮርያው ይመቸናል። የማንጋ የንግግር ፊኛ ከላይ ወደ ታች ለሚጻፍ ፊደል የተሠራ ጠባብና ረዥም ነው፤ «አላስረዳኋችሁምን» የሚል ቃል እዚያ ውስጥ መግባት የሚችለው ተቆራርጦ ነው።

ታዲያ የትኛውን እንከተል? በ2018 በሥራት ደበበ ያወጣው «ጀምበር» በአማርኛም በእንግሊዝኛም ተነብቦአል፤ ደስ ያሰኘናል፤ አቀራረቡ ግን ወደ አሜሪካኖቹ ልዕለ ጀግና ያደላ ነው። ለባለ ባዶ ኪስ ተማሪ የኮርያው መንገድ ከባድ ነው እንላለን። ሙሉ ቀለም፣ ጥሩ መሣሪያ፣ በየሳምንቱ ሥራውን የሚቀበልና የሚከፍል ድርጅት ይፈልጋል፤ አንባቢውም የዳታ ገንዘብ ያስፈልገዋል። የማንጋው ጥቁር መሥመር ግን ብዕርና ወረቀት ካለ ይበቃዋል፤ ማባዣ መኪናም ጥቁሩን አያበላሽም። አቅጣጫውና ፊኛው ከኮርያ፣ ጥቁር መሥመሩ ከጃፓን፣ ዐይኑ ከቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ቢሆን፣ የእኛ አስተያየት ነው፣ ጥሩ መነሻ ይሆናል።

የመጽሔታችን አዘጋጆች በሚቀጥለው እትም አራት ገጽ ለሥዕል ታሪክ ሊለቁ ተስማምተዋል። ሥዕሉ በነጭ ወረቀት በጥቁር ቀለም ይሁን፤ በእርሳስ የጠቆረ ጥላ በማባዣው ላይ ወደ ጭቃ ስለሚለወጥ አንቀበልም። በገጽ ከስድስት ሣጥን አይብለጥ፤ ፊደሉም ጎላ ይበል። የንግሥተ ሳባን 44 ሣጥን በሙሉ እሥላለሁ የሚል ቢመጣ ሁለት እትም ይበቃዋል።