ከሕፃን ጋር መነጋገር በመካነ ሰላም አካባቢ

ስለ አገራችን የልጅ አስተዳደግ ሲነሣ፣ የደጋው ወላጅ ልጁን ያዝዛል እንጂ አያናግርም የሚል አስተያየት ብዙ ጊዜ ይሰማል። ዶናልድ ሌቪንም በመንዝ ኖሮ በ1965 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ ከልጅ ምን ያህል መታዘዝና አክብሮት እንደሚጠበቅ ገልጿል። በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ፣ በመካነ ሰላምና በዙሪያዋ ባለው የቦረና ገጠር፣ ነገሩን ቀረብ ብለን ስንመለከተው ግን ንግግሩ የጎደለ ሳይሆን ቶሎ የሚቋረጥ ይመስለናል።

ሕፃኑ በአንቀልባ ታዝሎ ሳለ የሚባልለት ብዙ ነው። እናት ሴት ልጇን «እናቴ»፣ ወንዱን «አባቴ» ብላ ትጠራለች፤ ወንዱን «አንቺ» ማለትም የፍቅር አነጋገር ነው። ዳዴ ብሎ ሲቆም፣ ወንድም ቢሆን፣ የሚባለው «ወፌ ቆመች» ነው፤ ቋንቋችን ትንሹንና ተወዳጁን በሴት አንቀጽ መጥራት ይወዳልና። ቤተ ሰቡ ያጨበጭባል፤ ልጁ ይወድቃል፤ ደግሞ ይነሣል።

በተለይ ልናነሣው የሚገባን የእንጀራ መጋገሪያውን ሰዓት ነው። እናት ከሊጡ ጥቂት አስቀርታ ለልጇ እንጎቻ ትጋግራለች። «ይህች የማን ናት?» ትለዋለች። «የኔ!» «ለእኔስ?» ቆርሶ ያጎርሳታል፤ «እደግ» ይባላል። በዚህች አጭር ጨዋታ ልጁ መጠበቅን፣ መስጠትን፣ ተናግሮም መልስ ማግኘትን ይማራል። ፕኒና ክላይንና ሄኒንግ ሪዬ በ2004 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ስለ ተሠራበት የወላጆች ማሠልጠኛ ዘዴ ጽፈዋል፤ ዘዴው የልጁን ትኩረት መሳብ፣ ለሚያየው ነገር ትርጉም መስጠት፣ ሲሳካለትም ማመስገን ነው። እንጎቻ ጋጋሪዋ ይህን ከማንም ሳትማር ታደርገዋለች።

ችግሩ የሚመጣው ታናሽ ሲወለድ ነው። አንቀልባው ለታናሹ ይሆናል፤ ታላቁም ገና በሁለትና በሦስት ዓመቱ «ተቀመጥ»፣ «አምጣ»፣ «ዝም በል» ብቻ ይሰማል። ሲያለቅስ «አያ ጅቦ መጣልህ» ይባላል። ማታ ማታ ጅብ በእውነት በሚጮኽበት አገር ይህ ቀላል ማስፈራሪያ አይደለም፤ ልጁ ያምናል፤ ዝምም ይላል፤ ያስለቀሰው ነገር ግን ሳይጠየቅ ይቀራል። እንግዲህ ንግግሩ የሚያጥረው ልጁ መልስ መስጠት በጀመረበት ወራት ነው ማለት ነው።

እናቲቱን ለመውቀስ አይደለም፤ ውሃው፣ ማገዶው፣ አራሱ ሁሉ በእሷ ጫንቃ ላይ ነው። ክፍተቱን ብዙ ጊዜ የምትሞላው አያት ናት። «አያት ያሳደገው» ሲባል ስድብ መሆኑን እናውቃለን፤ ለእኛ ግን ስድብ አይመስለንም፤ «ይህ ምንድር ነው?» ሲል ዐሥር ጊዜ የምትመልስለት እሷ ናትና።