ተጨማሪ መረጃ፦ ቀለም ላስቲክን እንዲይዝ

ከሱሉልታ የሚወጣ የታሸገ ውሃ በላስቲክ ተጠቅልሎ ገበያ ይደርሳል፤ ከሰበታና ከቡራዩ ፋብሪካዎች የሚወጡ ብዙ ዕቃዎችም እንዲሁ። ላስቲኩ አብዛኛውን ጊዜ ፖሊኢትሊን ነው። ፖሊኢትሊን ደግሞ እንዳለ ቀለምም ሆነ ማጣበቂያ በደንብ አይዝም፤ የውሃ ጠብታ እንኳ ድቡልቡል ብላ ትቀመጥበታለች።

ገጹን በኬሚካል ማዘጋጀት ይቻላል፤ የኬሚካሉ ትነት ግን የሠራተኛውን ሳንባ ይጎዳል። ኮሮና የሚባለው ዘዴ (ከቫይረሱ ጋር አይገናኝም) የሚፈልገው አየርና ኤሌክትሪክ ብቻ ነው። ላስቲኩ በከፍተኛ ቮልቴጅ ሥር ሲያልፍ ኦክሲጅን ከገጹ ሞለኪውሎች ጋር ይጣመራል፤ የገጽ ኃይሉም ከ31 ገደማ ወደ 38 ሚሊኒውተን በሜትርና ከዚያ በላይ ያድጋል። ያን ጊዜ ጠብታዋ ጠፍጠፍ ትላለች፣ ቀለሙም ይይዛል።

በሂደቱ የሚፈጠረው ኦዞን ጎጂ በመሆኑ ተስቦ መወገድ አለበት። ውጤቱ እየዋለ ሲያድር ስለሚደክም፣ ኅትመቱ ቶሎ ቢከናወን ይመረጣል።